ራይድ መሥራት የመኪናውን ወጪ ይችላል? ከአዲስ አበባ ዳር ለሚነዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አምስት ዓመት በቶዮታ ቪትዝ መኪና ራይድ ሠርቻለሁ፣ መኪና ሊገዛ ያሰበ የሠፈሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ራይድ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

መኪናው የራሳችሁ ከሆነ፣ ዕዳ ከሌለበትና ባዶ የምትነዱትን መንገድ መቀነስ ከቻላችሁ ያዋጣል። የመኪናውን ወጪ ችሎ ለቤት የሚሆን ነገር ይተርፋል። መኪናው በብድር ከተገዛ ወይም የሰው ከሆነ ሂሳቡ በጣም ይጠባል። ከከተማው ዳር እየተነሳችሁ የመጣውን ጥሪ ሁሉ ከተቀበላችሁ ደግሞ አያዋጣም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። የጡረታ ገንዘባቸውን ወይም የዓረብ አገር ልፋታቸውን አውጥተው መኪና ገዝተው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለጋራዥ የሚከፍሉት ያጡ ሰዎችን አውቃለሁ።

ራይድ የምለው በአፕ ወይም በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ሁሉ ነው። ራይድም ይሁን ፈረስ፣ ዛይራይድም ይሁን ያንጎ፣ ሰው ሁሉንም «ራይድ ጥራልኝ» ስለሚል እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ (የመኪናው ደብተር)፣ የዓመቱን ምርመራ ያለፈ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ንግድ ፈቃድና ደህና ስልክ። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ውክልና ይጠየቃል። ዝርዝሩ በየድርጅቱ ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታርጋው ላይ ነው። ኮድ 2 የግል ነው። ዘመድ ማመላለሻ እንጂ ገንዘብ ተቀብሎ ሰው መጫኛ አይደለም። ለሥራ የሚሆነው የንግድ ታርጋ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሠራው በኮድ 3 ነው። በኮድ 2 እየሠራችሁ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንሱ ጋር የሚነሳውን ክርክር አስቡት።

በቀን ስንት ብር ይሠራል?

ሹፌር ስትጠይቁ የሚነግራችሁ ስልኩ ላይ ያየውን ድምር ነው። እሱ ገቢ እንጂ ትርፍ አይደለም። ከደብተሬ ሁለት ቀን ላሳያችሁ። ለሂሳብ እንዲቀል ቤንዚኑን በሊትር 130 ብር አድርጌዋለሁ። መኪናዬ ከተማ ውስጥ በሊትር 13 ኪሎሜትር ትሄዳለች። ስለዚህ አንድ ኪሎሜትር 10 ብር ቤንዚን ይበላል። ኮሚሽንና ሌላውን ተቆራጭ 12 በመቶ ብዬዋለሁ፤ የእናንተ ከዚህ ሊለይ ይችላል።

ማክሰኞ 3,200 ብር ሠራሁ። ከዚያ ላይ 384 ብር ተቆረጠ። 168 ኪሎሜትር ስለነዳሁ ቤንዚኑ 1,680 ብር ሆነ። ምሳ፣ ቡና፣ ፓርኪንግና ኢንተርኔት 250 ብር። እጄ ላይ 886 ብር ቀረ። ሐሙስ ደግሞ 3,400 ብር ሠራሁ፤ የነዳሁት ግን 145 ኪሎሜትር ብቻ ነበር። ተቆራጩ 408፣ ቤንዚኑ 1,450፣ ሌላው ያው 250። እጄ ላይ 1,292 ብር ቀረ።

ገና አላለቀም። ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለመለዋወጫና ለኢንሹራንስ በየኪሎሜትሩ 4 ብር አስቀምጣለሁ። ያንን ስቀንስ ከማክሰኞ የተረፈኝ 214 ብር ነው፤ ከሐሙስ 712። ስልኩ ላይ ልዩነታቸው 200 ብር ነው። ኪሴ ውስጥ ግን ወደ 500 ብር ተለያዩ። ያን ማክሰኞ ማታ ደብተሩን ዘግቼ ለባለቤቴ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ነበር፤ 14 ሰዓት ውጭ ውዬ ነው የገባሁት።

ማክሰኞና ሐሙስን ምን ለያቸው?

ባዶ ኪሎሜትር። ሰው ሳትጭኑ የምትነዱት መንገድ ማለት ነው፤ ተሳፋሪ ለማንሳት የምትሄዱት፣ ካወረዳችሁ በኋላ የምትመለሱት፣ ጥሪ ፍለጋ የምትዞሩት። ማክሰኞ ከነዳሁት 168 ውስጥ ሰው የነበረበት 97ቱ ነው፤ 71 ኪሎሜትር ባዶ ነድቻለሁ። ሐሙስ 108ቱ በሰው፣ 37ቱ ባዶ።

ማክሰኞ ምን ሆነ? ረፋድ ላይ ከቦሌ ሰው ጭኜ የካ አባዶ ወሰድኩ። እዚያ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ጥሪ አልመጣም፤ ባዶ እስከ መገናኛ ተመለስኩ። ከሰዓት ከሜክሲኮ ሰበታ መግቢያ አደረስኩ። መልሱ እስከ ጀሞ ባዶ። ሁለቱም ጉዞ ሲታይ ያምራል፤ ረጅም ነው፣ ብሩም ደህና ነው። ግን ታሪፉ የመሄጃውን ብቻ ነው የሚከፍለው። መመለሻው ከእኔ ኪስ ነው።

መሀል ከተማ ያለ ሹፌር ካወረደበት ሠፈር ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያገኛል። እኛ ዳር ያለነው ግን ኮዬ ፈጨ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ፉሪ፣ አሸዋ ሜዳ እያልን ነው የምናወርደው፤ ቀን ቀን እነዚያ ሠፈሮች ጭር ይላሉ። ስለዚህ በቀን መጨረሻ ስንት ሠራሁ ከማለታችሁ በፊት ስንቱን ባዶ ነዳሁ በሉ። ጠዋት ስትወጡ የኪሎሜትር ቆጣሪውን ጻፉ፣ ማታ ስትገቡም ጻፉ። አፑ ላይ ያለውን የጉዞ ርቀት ደምሩና ከዚያ ቀንሱ። የቀረው ባዶ የነዳችሁት ነው። የእኔ ከነዳሁት ሩቡን ካላለፈ ቀኑ ደህና ነው። ወደ ግማሽ ከተጠጋ ለማደያ ሠርቼ ገባሁ ማለት ነው።

ነዳጅ በየጊዜው ሲጨምር ታሪፉም ይጨምር የለ?

ይጨምራል። ነገር ግን ታሪፍ የሚከፈላችሁ ሰው ስትጭኑ ብቻ ነው፤ ቤንዚን ባዶም ሙሉም ይቃጠላል። በ2014 ክረምት አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 መስከረም መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሆነ። በዚያው ዓመት ገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በ47 ብር ጊዜ 70 ኪሎሜትር ባዶ መንዳት ያናድድ ነበር። አሁን የቀኑን ደመወዝ ይዞ ይሄዳል።

መንገዱም አንድ አይደለም። ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ፒያሳ 300 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ በዚያ ላይ ሳሪስ ላይ መዘጋጋት አለ። ኤሲ ከፍታችሁ፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭናችሁ በሊትር 13 አትጠብቁ። የእናንተን መኪና ለማወቅ ታንኩን ሙሉ፣ ኪሎሜትሩን ጻፉ፣ እስኪጎድል ንዱና እንደገና ሙሉ። የነዳችሁትን ኪሎሜትር ለሞላችሁት ሊትር አካፍሉ። ከ2015 ሚያዝያ ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰለው ስለሆነ መዝገቡ ስልካችሁ ላይ አለላችሁ።

ሰልፍ በረዘመ ቁጥር በጀሪካን የሚሸጠው ያጓጓል። አትሞክሩት። ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ፖምፓና ካንዴላ ለመቀየር የምታወጡት ሰልፍ ላይ ካጠፋችሁት ቀን ይበልጣል።

ከነዳጅ ሌላ መኪናው ምን ይፈልጋል?

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚታለለው፤ ወጪው በየቀኑ ስለማይመጣ። ያ በየኪሎሜትሩ የማስቀምጠው 4 ብር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እኔ በዓመት 40,000 ኪሎሜትር ያህል እነዳለሁ። አራት ጎማ 36,000 ብር ይዤለታለሁ፤ 40,000 ኪሎሜትር ቢያገለግል በኪሎሜትር 90 ሳንቲም ነው። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎሜትሩ 6,000 ብር ቢሆን 1 ብር ከ20 ሳንቲም። የፍሬን ሸራ፣ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው)፣ ሾክና ኩሽኔታ ደግሞ 90 ሳንቲም። ኢንሹራንስና ቦሎ 60 ሳንቲም። ባትሪ፣ ቺንጊያ፣ ካንዴላና የመሳሰለው 40 ሳንቲም። ድምሩ 4 ብር። በወር ከ13,000 ብር በላይ ማለት ነው። ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ጠይቃችሁ አስገቡበት።

የዳር ሠፈር መንገድ ደግሞ የራሱ ወጪ አለው። አንድ ቀን የፊት ጎማዬ ነፋስ እየቀነሰ ሲያስቸግረኝ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ጎማውን ፈታ፣ አዞረና የውስጥ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ጋሼ፣ እዩት» አለኝ። ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ገና አዲስ ነው። ከውስጥ በኩል ግን ሽቦው ወጥቷል። ቴስቲናው ተበልቶ ጎማውን አጣሞት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ከኮንዶሚኒየሙ እስከ አስፋልቱ በኮብልስቶንና በጉድጓድ ስወጣ የከረምኩበት ሂሳብ ነው። የ40,000 ኪሎሜትር ጎማ በ18,000 አለቀ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ ቴስቲናውን አስፈትሻለሁ፤ የጎማውንም ውስጥ ጎን በእጄ እዳስሳለሁ።

ብሩን የት ላስቀምጠው? ኪሴ ውስጥ ከገባ ያልቃል።

ሌላ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ስሙን «የመኪና» በሉት። ማታ ኪሎሜትሩን ስትጽፉ ወዲያው በአራት አባዙና በሞባይል አዛውሩ። እኔ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ እያልኩ ነበር፤ እሑድ ሲደርስ ብሩ የለም። በየማታው ሲሆን ግን ልክ እንደ ቤንዚን ይለመዳል።

ዳር መኖሬ ለሥራው ይጎዳኛል?

የግድ አይደለም። ጠዋት ሰው ሁሉ ከዳር ወደ መሀል ይሄዳል፤ ማታ ከመሀል ወደ ዳር ይመለሳል። ዳር የሚኖር ሹፌር በሁለቱም ሰዓት ሰው የሚሄድበት አቅጣጫ ላይ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብትቆሙ ሚኒባስ አጥተው የቆሙ ሰዎች ታያላችሁ። ሰዓት የሚቆጥሩ ናቸው፤ ነርሶች፣ የአየር መንገድ ሠራተኞች፣ በረራ ያለባቸው። መሀል ከተማ የሚያድር ሹፌር እነሱን ለማንሳት ባዶ መምጣት አለበት። እናንተ ከበራችሁ ነው የምትነሱት።

ማታም እንደዚያው ነው። የመጨረሻውን ጉዞ ወደ ቤት አቅጣጫ ጠብቁ። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ቦሌ፣ መገናኛ ወይም ሳሪስ አካባቢ ብትሆኑ ወደ አቃቂ፣ ኮዬ ፈጨ ወይም ገላን የሚሄድ አይጠፋም። ጉዳቱ የሚመጣው መሀል ላይ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሌላ ዳር ሠፈር ስትሄዱ ነው ባዶው የሚበዛው።

ታዲያ ቀን ላይ ወደ ዳር የሚሄድ ጥሪ ሲመጣ እንቢ ልበል?

ጥሪ በብዛት እንቢ ያለ ሹፌር አፑ ላይ ደረጃው ሊወርድ፣ ጥሪም ሊቀንስበት ይችላል። እኔ ተሳፋሪ ከመጣ በኋላ «ውረዱልኝ» አልልም። ልጅ አዝላ ፀሐይ ላይ የቆመችን እናት «እዚያ አልሄድም» ማለት ልክ አይደለም። ማድረግ የሚቻለው ከጥሪው በፊት ነው። ቀን ላይ አጭር ጉዞ በሚበዛበት ሠፈር ቁሙ፤ ካዛንቺስ፣ ቦሌ፣ ሜክሲኮ፣ ሆስፒታልና ባንክ ያለበት አካባቢ። ያኔ ወደ ዳር የሚወስዳችሁ ጥሪ ራሱ ይቀንሳል።

ዳር ከደረሳችሁ ወዲያው አትመለሱ። ሞተር አጥፉና 20 ደቂቃ ጠብቁ። ጥሪ ካልመጣ ወደሚቀርበው ትልቅ አደባባይ ብቻ ውጡና እዚያ ጠብቁ። ከቡራዩ አስኮ፣ ከለገጣፎ አያት፣ ከሰበታ ጀሞ በቂ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ገላን ከ2015 ጀምሮ ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ አስተዳደሩና ትራፊኩ የኦሮሚያ ነው። ሰነዳችሁ ሙሉ ይሁን።

ከአፑ ውጭ በኮንትራት መሥራት አይሻልም?

ኮሚሽን የለውም፤ ዋጋውን ራሳችሁ ትነጋገራላችሁ። ግን አብዛኛው ሹፌር ሲነጋገር የመመለሻውን ቤንዚን ይረሳል። ቱሉ ዲምቱ የአዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ስለሆነ እኛ ሠፈር የቢሾፍቱና የአዳማ ኮንትራት ይመጣል። ዋጋ ስትሰጡ ደርሶ መልሱን በኪሎሜትር አስቡ፣ የመንገዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ጨምሩ፣ ከዚያ የራሳችሁን ድካም ጨምሩበት። ያንን ስትሉ ደንበኛው ቢሄድም ይሂድ።

አፑ ላይ የተሰጣችሁን ተሳፋሪ «ሰርዢውና በኮንትራት ልውሰድሽ» ማለትን ግን አልመክርም። ከድርጅቱ ጋር የፈረማችሁትን ማፍረስ ነው። ለተሳፋሪዋም ጉዞው ያልተመዘገበ ይሆናል፤ ዕቃ ቢጠፋባት ወይም ችግር ቢፈጠር የምትጠራው የለም።

መኪና ባይኖረኝ በገቢ ተቀብዬ ብሠራስ?

ይቻላል፤ ብዙ ልጆች የሚጀምሩት እንደዚያ ነው። ለባለንብረቱ በየቀኑ የተስማማችሁበትን ገቢ ታስገባላችሁ፣ የተረፈው የእናንተ ነው። ገቢው 1,000 ብር ነው እንበል። የእኔን ማክሰኞ መልሳችሁ እዩት። እጄ ላይ የቀረው 886 ብር ነበር። ገቢውን ለመሙላት 114 ብር ከኪስ ይጨመራል ማለት ነው፤ 14 ሰዓት ተሠርቶ። ሐሙስ ቢሆን 292 ብር ይዞ ይገባል።

ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት ውሉን በወረቀት አድርጉት። ዘይት ማን ይቀይራል? ጎማ የማን ነው? መኪናው ጋራዥ በገባበት ቀን ገቢ ይጠየቃል? እሑድና በዓል እንዴት ነው? ግጭት ቢደርስ ማን ይሸፍናል? ጎሚስታ፣ ላቫጆና የትራፊክ ቅጣት ብዙ ጊዜ በሹፌሩ ላይ ነው። ለባለንብረቶችም አንድ ነገር ልበል። ሹፌሩ የማይደርስበት ገቢ ስትጠይቁት ሌሊቱን ሳይተኛ ይነዳል። የሚያልቀው የእናንተው መኪና ነው፤ የሚጎዳው ግን የሰው ልጅ ነው።

በባንክ ብድር ልግዛ ወይስ በዕቁብ?

በእኔ እምነት፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ብላችሁ ሙሉውን በብድር አትግዙ። ወርሃዊ ክፍያውን ለ26 የሥራ ቀን አካፍሉት። የሚወጣውን ቁጥር በየቀኑ ለባለንብረት እንደሚገባ ገቢ ቁጠሩት። ደህና በሚባል ቀን ከሚቀራችሁ ከበለጠ፣ መኪናው ሁለት ሳምንት ጋራዥ የተኛ ዕለት ትወድቃላችሁ። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ችግሩ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። ከወጣ በኋላም መክፈሉ አይቆምም። ዕቁብ በልተው መኪና ገዝተው የቀረውን ከራይድ ገቢ ሊከፍሉ አስበው የነበሩ ጎረቤቶቼ፣ መጀመሪያ የዘለሉት የመኪናውን ዘይት ቅያሪ ነው። ከዘይት ቅያሪ የሚቆጠብ ብር የለም።

ኤሌክትሪክ መኪና ብገዛ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል?

ግማሹ ይቀራል። በ2016 ጥር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው የሁሉም ሆኗል። አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እኔ ማክሰኞ ለነዳሁት 168 ኪሎሜትር 25 ገደማ ማለት ነው። የመብራት ታሪፍ ከ2017 መስከረም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ቢጨምርም፣ ቤት ለሚሞላ ሰው ከ1,680 ብር ቤንዚን ጋር አይወዳደርም። ዘይት ቅያሪም የለም። ባዶ ኪሎሜትር እንደ ድሮው አያቃጥልም።

ነገር ግን የት እንደምትሞሉት አስቀድማችሁ እወቁ። ግቢ ያለው ቤት ካላችሁ ጥሩ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ገመድ በመስኮት አይወርድም፤ ኮሚቴውም ጎረቤትም አይፈቅድም። ከተራ ሶኬት 25 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ መብራት ሌሊት ከጠፋ ጠዋት ሥራ የለም። የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያዎች የበዙት ወደ መሀል ከተማ ስለሆነ ለመሙላት ራሱ ባዶ መንዳት አለ። ጎማም ቶሎ ይበላል፤ ከባትሪው የተነሳ መኪናው ከባድ ነው። መለዋወጫውም እንደ ቪትዝ ሶማሌ ተራ ገብቶ የሚመረጥ አይደለም።

የመኪና ዋጋ በየዓመቱ እየጨመረ ነው። ለምን እርጅና (መኪናው በመነዳቱ ከዋጋው የሚቀንሰውን) አስላለሁ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሂሳብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄውም ከባድ ነው። እውነት ነው፤ ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲተመን ከተደረገና የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ በኋላ አሮጌ ቪትዝ የተገዛበትን ዋጋ አልፎ ይሸጣል። «አምስት ዓመት ነዳሁት፣ አትርፌም ሸጥኩት» የሚል አለ።

ግን ሸጦ ምን ገዛ? ሥራውን ለመቀጠል ሌላ መኪና ያስፈልገዋል፤ የሌላውም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ትክክለኛው ንጽጽር የእናንተ መኪና 200,000 ኪሎሜትር ተጨማሪ ነድቶ የሚሸጥበት ዋጋና ያልተነዳው እኩያዋ የሚሸጥበት ዋጋ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የራይድ እርጅና ነው። ገዢ መካኒክ ይዞ ይመጣል፣ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ወንበሩን ያያል፣ የራይድ መኪና እንደሆነች በአምስት ደቂቃ ያውቃል። ከ4 ብሩ በተጨማሪ ለዚህና ለሞተር እድሳት በኪሎሜትር ሌላ 1 ወይም 2 ብር ማስቀመጥ የቻለ ያስቀምጥ። እኔ በጥሩ ቀን አስቀምጣለሁ፤ በመጥፎ ቀን አልችልም።

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ካለኝ አይበቃኝም?

ለሕጉ ይበቃል። ለኑሯችሁ አይበቃም። የሦስተኛ ወገን የሚሸፍነው እናንተ ሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ነው፤ የተጎዳውን የራሳችሁን መኪና አይጠግንም። ሙሉውን መግባት ካቃታችሁ ቢያንስ የስርቆትንና የግጭትን ዋጋ ጠይቁ። ስትዋዋሉም መኪናው ለኪራይ ሥራ እንደሚውል በግልጽ ይጻፍበት።

ማታ መሥራት ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?

መንገዱ ይለቃል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጉዞም ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ዳር ሠፈር ማታ ጨለማ ነው፤ ሹፌሮች ተዘርፈዋል፣ ሕይወታቸውንም ያጡ አሉ። እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የማላውቀው ውስጥ ለውስጥ መንገድ አልገባም። መብራት ያለበት ቦታ አወርዳለሁ። ተሳፋሪዋ ሴት ከሆነች ግን መብራቴን አብርቼ በሯ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ያንን ደቂቃ ማንም አይከፍለኝም፤ ይሁን።

ሂሳቡን ሳሰላው ኪሳራ ሆነ። ሌላ ሥራ ግን የለኝም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሰዓት ቀንሱ። ይህ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ግን ደብተራችሁን እዩት፤ ከረፋድ እስከ 9 ሰዓት የምትሠሩት ብዙ ጊዜ ቤንዚኑን እንኳ አይሸፍንም። ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ማታም ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ መሥራት ሞክሩ። መሀል ላይ መኪናውን ጥላ ሥር አቁማችሁ ተኙ፣ ወይም ሌላ ነገር ሥሩ። የሰው መኪና ከሆነና በሁለት ወር ገቢውን ካልሞላ መልሱት። ዕዳ ውስጥ ሆኖ መንዳት እንቅልፍ ይነሳል።

ሁለተኛው የወር ደንበኛ ነው። ዳር ሠፈር ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርስላቸው የሚፈልጉ ወላጆች አሉ። አንድ ቢሮ የሚሠሩ ጎረቤቶችም ተሰብስበው ይከፍላሉ። እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከኮዬ ፈጨ ሦስት የባንክ ሠራተኞችን ጠዋት ቦሌ አደርሳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። ክፍያው በወር ነው፣ ከአፑ ጉዞ በነጠላ ሲታይ ያንሳል። ግን ሁለቱም መንገድ በሰው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ከሦስቱ ትልቋ ቀድማ ትወጣለች፣ ከኋላ በግራ ትቀመጣለች፣ «እንደምን አደርክ» ብላ ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ትደርባለች። እሷ በሩን ስትዘጋ የኪሎሜትር ቆጣሪውን አይቼ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ወር ባዶ የነዳሁት ከአምስት አንዱን አልሞላም።